ሠሪው ዝም ይላል

በመንደራችን በካይታቶዱ የፊልም ማኅበር ሕጉ አንድ ነው፤ ሠሪው ዝም ይላል። ፊልሙ ታይቶ ሲያልቅ የታየበት አንሶላ ሥር ያለችው የእንጨት ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ይቀመጣል፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ተመልካቹ እየተነሣ የመሰለውን ይለዋል። ሻዩን መጠጣት ይችላል። መሳቅም ማልቀስም ይችላል፤ ሁለቱንም አይተናል። መልስ መስጠት ግን አይችልም። ሒሱ ሲያበቃ ራጋዋን ማሽ ከድሮ ብስክሌታቸው ላይ የፈቱትን ደወል ያቃጭላሉ፣ ያኔ ሠሪው አፉን ይከፍታል። የመንደሩን ግማሽ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ማሽ፣ ማለትም መምህር፣ ብሎ የማይጠራቸው የለም፤ ደወላቸውንም የማይፈራ የለም።

ፊልም የምለው በሞባይል የሚቀረጸውን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ይሠራል፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ይሠራል፣ ጀልባ ቀዛፊው ሰው እስኪሞላለት ድረስ ይሠራል። በየወሩ ሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ የንባብ ቤቱን መስኮቶችና በሩን በጆንያ ደፍነን፣ ጋዜጣ የሚነበብበትን ረጅም ጠረጴዛ ወደ ጥግ ገፍተን፣ ነጭ አንሶላ ሰቅለን እናያለን። መብራት ከጠፋ የሙዝ ጥብስ እየበላን እንጠብቃለን። ከመጣ እንቀጥላለን።

እኔ ጊሪሻን እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ኮሌጅ ሳልገባ ቀረሁ፣ አሁን ቦዩ ዳር ባለው ጃንጥላ መሥሪያ ቤት ሽቦ እገጥማለሁ። አንድ ጃንጥላ ስምንት ሽቦ አለው። እጅ ከለመደው በኋላ ጭንቅላት የማይፈልግ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የኔ ጭንቅላት ቀኑን ሙሉ እንዳሻው ይዞራል። ከሰው ጋር እምብዛም አልቀመጥም። ሰው ሲያጫውተኝ መሐል ላይ ሌላ ነገር ማየት እጀምራለሁ፤ የተናጋሪውን ጆሮ ብርሃን ከኋላው ቢመታው ምን እንደሚመስል ለምሳሌ። ከዚያ ሰውየው ይቀየመኛል።

ባላወራ ግን እጽፍ ነበር። ንባብ ቤታችን በእጅ የሚጻፍ መጽሔት አለው፤ በወር አንድ ቅጂ ብቻ ይወጣል፣ እሱም በሩ ላይ በሲባጎ ይንጠለጠላል። የፊልም ሒሱን ገጽ አራት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው ጋዜጣውን ትቶ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነበር፤ በዚህ ወር የተመታው ማን እንደሆነ ለማወቅ። ለማንም አልራራም ነበር። በአርባ አራት ፊልም ውስጥ ሠላሳ አንድ የኮርኒስ ማራገቢያ ቆጥሬያለሁ። የኛ ሰው ካሜራ ሲይዝ መጀመሪያ ቀና ብሎ ማራገቢያውን ይቀርጻል፤ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቫዮሊን ያለቅሳል፣ ከሥሩ የተኛው ሰው ዐይኑን ይገልጣል፣ እኛም ሕይወት ከባድ መሆኗን እንረዳለን። «ማራገቢያ ሐሳብ አይደለም» የሚል ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ጣታቸውን ከራሳቸው በላይ ያሽከረክሩልኝ ጀመር።

በጣም የጠመደኝ ግን ፑሽካራን ቼታ ነው። ቼታ የምለው በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ እንጂ ወንድሜ ሆኖ አይደለም። የአላፑዣ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነው፤ አሥራ አንድ ፊልም ሠርቷል። ስለ አሥረኛው «ይህ ፊልም ካለቀ በኋላ በጣም ተሻሽሏል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡሱ ላይ ስሳፈር ትኬቴን የሚሰጠኝ መስኮቱን እያየ ነው፣ ስወርድ ደግሞ ሁለተኛው እግሬ መሬት ሳይነካ ፊሽካውን ይነፋል። አንድ ጫማዬ ብቻውን አላፑዣ ደርሶ ተመልሷል።

«እስቲ አንተ አንድ ደቂቃ ሠርተህ አሳየን» ይሉኝ ነበር ሁሉም። እኔም ሐያሲ መሥራት የለበትም፣ ሐኪም መታመም የለበትም እያልኩ አልፋቸዋለሁ።

ከዚያ በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሲገባ ደበቅ ብዬ ሠራሁ።

ሰባት ደቂቃ ነው። ስሙ «ሰባት ጃንጥላ»። አንዲት ሴት ሰባት የታጠፈ ጃንጥላ ታቅፋ በዝናብ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ጀልባው ማረፊያ ትሄዳለች፤ አንዱንም አትዘረጋም፤ ትበሰብሳለች። አለቀ። ለኔ ግን የሰው ልጅ ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ አምቡጃም ቼቺ ናት፤ ቼቺ በዕድሜ ለምትበልጥ ሴት የሚባል ነው፤ እኔ ሽቦውን ስገጥም እሷ ጨርቁን ትሰፋለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስታወራ የስፌት መኪናዋ ድምፅ አይሰማም፣ ደግሞ ሁልጊዜ ታወራለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሐሳቤ ሲጠፋብኝ «ጊሪሻን፣ ከየት ሀገር ነው አሁን የመጣኸው?» ብላ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት።

ስሜን ብጽፍበት የሚመጣውን ዐውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ጥርሱን ስሎ የጠበቀኝ ሰው ከሃያ አያንስም። ፊልሙ ጥሩ ቢሆን እንኳ ይቀብሩታል። ወይም ደግሞ ራጋዋን ማሽ ያዝኑልኝና ያመሰግኑኛል፤ እሱ ይብሳል። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኔ መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ሳይጠላኝም ሳያዝንልኝም፣ ይህ ነገር ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም ብሎ እንዲነግረኝ። አንድ ሰው እንኳ አንዲት የምትተነፍስ ነገር ካላገኘበት ካሜራ ሁለተኛ አልነካም ብዬ ለአምቡጃም ቼቺ ነግሬያታለሁ። የምሬን እንደሆነ ስላወቀች አልሳቀችም።

መላውን ያገኘሁት ከሕጉ ነው። ሠሪው ዝም የሚል ከሆነ ወንበሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ምን ለውጥ አለው? የሠሪውን ስም «አምቡጃም» ብዬ ጻፍኩና ለመንኳት።

«ምንም አልናገርም?» አለች።

«ምንም።»

«ቢሰድቡኝስ?»

«ሻይ ትጠጫለሽ።»

«ደወሉ ሲደወልስ?»

«‹የምለውን ፊልሙ ብሎታል› ትያለሽ። ትልልቆቹ ሠሪዎችም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አረፍተ ነገሩን ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ስትለማመደው ዋለች። ማታ ላይ ከኔ የተሻለ ትለው ነበር። አረንጓዴ ሳሪዋን እንድትለብስ ከተስማማን በኋላ ነገሩ ተጠናቀቀ።

እሑድ ደረሰ። ሰማዩ ተቀዶ ውኃ በጣራው ሸክላ ላይ ይንጫጫል፣ የሁሉም ሽርጥ እስከ ጉልበት ረጥቧል፣ ንባብ ቤቱ የረጠበ ጋዜጣና የተጠበሰ ሙዝ ይሸታል። ሦስት ፊልም ነበር። ራጋዋን ማሽ ለየፊልሙ መጀመሪያ የሚናገረውን ሐያሲ ከጣሳ ውስጥ በዕጣ ያወጣሉ። የመጀመሪያው ለመድኃኒት ቤቱ ልጅ ወጣ። ሁለተኛው ለቀዛፊው። ሦስተኛውን ወረቀት ከፈቱ፣ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ፣ «የአምቡጃም ሰባት ጃንጥላ፤ ጊሪሻን» አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አምቡጃም ቼቺ ከሴቶቹ ወንበር ዞር ብላ አየችኝ። ዐይኗ ብርጭቆ ያህል ሆኖ ነበር። እምቢ ማለት አልችልም፤ በአራት ዓመት አንድም ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም። ለራሴ ግን መልካም ምክንያት አገኘሁ። ለስለስ ያለ ነገር እናገራለሁ፣ ሁለት ሦስት ጥቃቅን እንከን እጠቅሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ሌሎቹ እውነቱን ይናገራሉ፤ እኔም የመጣሁበትን እሰማለሁ። ሁለቱ ፊልሞች አለፉ።

መብራቱ ጠፋ። አንሶላው በራ።

የፊልሙ የመጀመሪያ ምስል የኮርኒስ ማራገቢያ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ዛሬም ማስረዳት ያቅተኛል። ያንን ምስል መዳፍ በምታህለው ሞባይሌ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ጣራ ሥር ተጋድሜ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ ጊዜ ሳየው ግን ያየሁት ጊዜን ነበር፤ ዘመን ሲዞር፣ የሴትየዋ ዕድሜ ሲያልፍ። አሁን አንሶላው ላይ ሦስት ክንድ ሆኖ ሲወጣ ማራገቢያ ነው። አቧራ ያለበት ማራገቢያ። ቀስ ብሎ ይዞራል። ቫዮሊንም ነበረው።

በጨለማው ውስጥ የሃምሳ ሰው አንገት ወደኔ ዞረ። ስለኔ የሚያውቁት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ስንገበገብ ሊያዩኝ ነው። አንዱ «ሠላሳ ሁለት» አለ፤ ሳቁ ከጣራው ዝናብ በለጠ። እኔም ሳቅሁ። 

መብራቱ ሲበራ አምቡጃም ቼቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ያዘች፣ እንደ ንግሥት ቀና አለች። ተነሣሁ።

ለስለስ ልል ነበር የተነሣሁት። ከማራገቢያው መጀመር ግን ግዴታ ነበር፤ ካልጀመርኩ ይጠረጥሩኛል። ሠሪዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ለመክፈት አስባ እንደሆነ ጠየቅሁ። አዳራሹ በሳቅ ተንፈራፈረ። ከዚያ ቫዮሊኑ መጣ፤ ማራገቢያውን ዘይት መቀባት ሲቻል ማስለቀስ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅሁ። ከዚያ ኩሬ ላይ የወደቀችው አበባ። ከዛፉ ወድቃ እንዳይመስልህ፤ በእጅ የተቀመጠች ናት፣ የተቆረጠችበት ቦታ ይታያል። ከዚያ የጀልባው ገመድ ላይ አርባ ሰከንድ የቆመው ምስል። አርባ ሰከንድ ስለ ገመድ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ልብስ ማስጫ አለው አልኩ።

ማቆም ነበረብኝ። ማቆም አልቻልኩም። አራት ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን ሠሪው ምን ሲያስብ እንደነበር በእርግጠኝነት ዐውቄ አላውቅም፤ እገምታለሁ። አሁን ግን እያንዳንዷን ሐሳብ ዐውቃለሁ። አበባዋን ሳስቀምጥ ምን ያህል ራሴን እንዳደነቅሁ ዐውቃለሁ። ሰው እንዲህ በደንብ የሚያውቀውን ሰው ሲተች ጉልበቱ አያልቅም። ሠሪዋ ዝናብን በዓለም መጀመሪያ ያየች እሷ ትመስላለች አልኩ። ሰባት የሆኑት ስምንት ስለማይታቀፉ ነው አልኩ። የፀጉር አስተካካዩ እንባ ጉንጩ ላይ ወርዷል፤ ራጋዋን ማሽ እንኳ ደወሉን ይዘው ሆዳቸውን እየደገፉ ነበር።

አምቡጃም ቼቺ ብቻ አልሳቀችም። ሻይዋን ከአፏ መለሰች።

«መሥሪያ ቤት የነገርከኝ እንደዚህ ነበር?» አለች።

ማሽ ደወሉን መቱ። ሠሪ ዝም ይላል።

«አይ፣ እኔ ስለ ሰው ዐመል ነው የማወራው» አለች። ሁለተኛ መቱ። አፏን በሻይ ዘጋች፤ ዐይኗ ግን ሕጉን አያውቀውም፤ እስክቀመጥ ድረስ ሰደበኝ።

ተቀመጥኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ከኔ በኋላ ማን ተነሥቶ ምን ጥሩ ነገር ይናገራል? በገዛ እጄ አንቄ ገድዬው፣ በሕይወት አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው። 

ፑሽካራን ቼታ ተነሣ።

የትኬት ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው፣ ከሥራ በቀጥታ። ልቃወም ብሎ እንደተነሣ ታውቆኝ ነበር፤ እኔ ሌሊት ነው ብል ፀሐይ ወጥታለች የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ቃሉ እንደማይቆጠር ወስኜ ጆሮዬን ግማሽ ዘጋሁ።

መጀመሪያ፣ እንደኔው፣ ማራገቢያውንና አበባውን ረገመ። ገመዱንም ረገመ። ይሄ ደነቀኝ፤ ከኔ ጋር ሲስማማ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድልድዩ ላይ ግን» አለ። «አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ነፋሱ መጥቶ አንዱን ጃንጥላ ራሱ ከፈተው። ከፍቶ ገለበጠው። ሴትየዋ ልትይዘው ስትል ሌሎቹ ሊወድቁ ሆነ፣ ከዚያ ሳቀች። ወደ ካሜራው እያየች ሳቀች፣ የሆነ ነገርም አለች፣ አልተሰማም። አያችሁት? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ላይ ነኝ። በቀን ስድስት መቶ ፊት በክንድ ርቀት አያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ በዓመት ሁለቴ ባይ ነው፤ ያመለጣት አውቶቡስ ወደ ኋላ የተመለሰላት ሴት ናት እንዲህ የምትስቀው። አሥራ አንድ ፊልም ሠርቻለሁ፣ እንደዚያች ሃያ ሰከንድ ያለ ነገር አንድም ጊዜ አልያዝኩም። ቅናት ያዘኝ። ያችን ሳይቆርጥ የተወ ሰው ሥራውን ያውቃል። ጊሪሻን ሲያወራ ስለዚያች ምንም አላለም፤ ያላየው ይመስለኛል።»

እልህ እንዲህ አይናገርም። እልህ ደቂቃ አይቆጥርም፣ ቅናት ያዘኝ ብሎም አያምንም። የፈለግኩት ቃል ነበር፤ እንደፈለግኩት፣ የኔ መሆኑን ከማያውቅ ሰው፣ ያውም ከሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይቀመጥና ልቡን ይሞላል።

እኔ ብድግ አልኩ።

«ስሕተት ነው» አልኩ። «ያቺ ስሕተት ናት። ማንም ሆን ብሎ አልተዋትም። ጃንጥላ መከፈት የለበትም፣ ፊልሙ በሙሉ አለመከፈቱ ነው። ቦይ ውስጥ እስከ ጭኔ ቆሜ፣ ሞባይሉን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አትሳቂ፣ እኔን አትዪ እያልኩ ሦስት ጊዜ ጮኼባታለሁ። ጃንጥላው ሲገለበጥ እኔ አድጦኝ ወደቅሁ፤ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ደግሜ ልቀርጽ ብሄድ ድልድዩ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ቆርጬ ላወጣት ብሞክር ቀጥሎ ያለው አይገጥምም። አንድ ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁባት እሷ ናት፤ የፊልሙ እድፍ እሷ ናት፣ አንተ ደግሞ ከሁሉ እሷን...»

እዚህ ላይ ዝናቡን ሰማሁት። 

አምቡጃም ቼቺ ሻይዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ማሽ» አለች፣ «ምስጢሩ ከኔ አፍ አልወጣም፤ መዝገቡ ላይ ይጻፍልኝ።»

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልበለው። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ነው የጀመረው፤ ጉንጩን ነፍቶ ይዞት የነበረውን ሳቅ ለቀቀው። ከሱ ወደ ቀዛፊው ሄደ፣ ከቀዛፊው ወደ ሴቶቹ። አግዳሚ ወንበር ወደቀ። የገዛ ማራገቢያውን፣ የገዛ ቫዮሊኑን፣ የገዛ አበባውን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲቀጠቅጥ የዋለ ሰው በፊታቸው ቆሟል። ሃምሳ ጣት ከሃምሳ ራስ በላይ ይሽከረከር ጀመር። ራጋዋን ማሽ ደወሉን ቢመቱም ደወሉም የሚስቅ ነበር የሚመስለው። እኔም የት እንደምገባ አጥቼ መሐላቸው ቆሜ ሳቅሁ፤ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም።

ሳቁ ሲበርድ ማሽ ብይን ሰጡ። ሠሪ የተቀመጠው በስሕተት ቦታ ነው፤ ወንበሩ ላይ ይውጣ። አምቡጃም ቼቺ ግን አልነሣም አለች። ሩብ ሰዓት የተሰደብኩት እኔ ነኝ፣ በዝናብ የበሰበስኩትም እኔ ነኝ፣ ሻዩም ገና አላለቀም ብላ ሳሪዋን አስተካክላ ተደላደለች። ሕጉ ስለ ሁለት ሠሪ የሚለው ነገር አልነበረም። ማሽ ጥቂት አሰቡና ሁለተኛ ወንበርና ሁለተኛ ብርጭቆ አስመጡ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። «አሁን አንተም ዝም በል» አለችኝ በጎን፣ «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ሒሱ እንደገና ተጀመረ። አራት ዓመት የታቆረ ነገር ነው፤ ሰው ተሰለፈ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ስለሱ የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ በቃሉ ይዞት ኖሯል፣ ስሙን ብቻ በስሜ ለውጦ አነበነበልኝ፤ እንዴት እንደሚገጥም። ቀዛፊው ገመዱ የሱ ጀልባ ገመድ መሆኑን ገልጾ፣ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ የተወነው እሱ ነው አለ። አፌን ልከፍት ስል የአምቡጃም ቼቺ ክርን ጎኔን ይወጋኛል። ሻዩ ጣፋጭ ነበር። እያንዳንዱ ዱላ ሲያርፍብኝ የሚያመኝ እየመሰለኝ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣው ግን ሳቅ ነው። እውነት ለመናገር ብዙዎቹ ልክ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከኔ የተሻሉ ሐያሲ ነበሩ።

እኔ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የማየው። ፑሽካራን ቼታ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ፊቱ ጠቁሯል። ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ እጁን አነሣ።

ቅድም የተናገርኩትን መሻር እፈልጋለሁ አለ። ሠሪው ማን እንደሆነ ባውቅ አልናገርም ነበር አለ።

ራጋዋን ማሽ በማኅበሩ መዝገብ ገብቷል፣ መዝገብ አይፋቅም አሉ። የወደደ ቢጨምርበት እንጂ።

ፑሽካራን ቼታ ወደ በሩ ሄደ። ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ዝናቡን አየ።  ይሄ ሰው ቃሉን ካፈረሰ፣ የፈለግኩት ነገር እንደሌለ ነው፤ ከእልህ የመጣ ነበር ማለት ነው። ከወጣም እንደዚያው ነው። ቼቺም ገብቷት መሰለኝ ክርኗን ከጎኔ ላይ አነሣች።

ተመለሰ። እፊቴ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ አውቶቡስ ላይ በሁለት ዓመት ያልሰጠኝን ዐይን ሰጠኝ።

«ብሽረው ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ግን አይቼዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ስማ አንተ። የቀረውን ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ካሜራውን የያዝከው ሰው እንዳይተችህ እየፈራህ ነው። ያስታውቃል። እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ ሴትየዋን እንደ ዕቃ ነው የምታስኬዳት፣ ዝናቡን እንኳ ቀጥ ብለህ ዝነብ ያልከው ይመስላል። በዚያች ሃያ ሰከንድ ላይ ግን ወደቅህ። ወድቀህ ጭቃ ውስጥ ስለነበርክ ካሜራውን ከፊቷ ማራቅ አልቻልክም፤ እሷ ደግሞ የሳቀችው በፊልሙ ታሪክ አይደለም፣ በአንተ ነው። ፊልሙ እሱ ነው። የቀረው በር ላይ የምትሰቅለው ጽሑፍህ ነው።»

ከዚያ ጨመረ፤ «ድጋሚ ሥራ። ካልሠራህ ያንን ገጽ እኔ ነኝ የምወስደው።»

ሄዶ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። አምቡጃም ቼቺ «በሱ ነው የሳቅሁት፣ እውነቱን ነው፣ እንቁራሪት ነበር የሚመስለው» አለች፤ ማሽም አልደወሉባትም።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ተራዬ ደረሰ፤ ሠሪው መናገር ይችላል። አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዱ ብርሃኑን ይወቅሳል፣ አንዱ ገንዘብ አልነበረኝም ይላል፣ አንዱ አልገባችሁም ይላል። ብዙ ነገር ልል እችል ነበር። ስለ አበባዋ ራሱ የሚባል ነገር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ማሽ፣ ድልድዩን ብቻ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። በደንብ አላየሁትም።»

ማሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሰዓቱ ሄዷል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፣ ቢሆንም ይደገም አሉ። ወንበርህን አዙር፣ ጀርባህን ለአንሶላው ሰጥተህ ምን ታያለህ አሉኝ።

መብራቱ ጠፋ። ላዞር ብድግ አልኩና ቀና ስል የተመልካቹን ፊት አየሁ። አንሶላው ሃምሳውንም ሰው ግራጫ ብርሃን ቀብቷቸው ነበር፤ የዝናቡ ጥላ በግንባራቸው ላይ ይወርዳል። ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቷል። ማሽ አገጫቸውን በደወሉ ላይ አስደግፈዋል። መልሼ ተቀመጥኩ።

ነፋሱ ከኋላዬ መጣ፣ ድምፁን ዐውቀዋለሁ። አምቡጃም ቼቺ ዞር ብላ ራሷን እያየች ክንዴን ጨበጠች። እኔ ፑሽካራን ቼታን ነበር የማየው። የቼቺ ሳቅ ገና ሳይደርስ፣ ሊመጣ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው፣ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ፊቱ ቀስ እያለ ይከፈት ጀመር።